ያለ በደሉ የሚሻረው ጎማ

ክረምቱ ወጥቶ አደይ በፈነዳችበት፣ ዋልካው መሬትም ጭቃነቱን ትቶ እንደ ሸክላ መሰነጣጠቅ በሚጀምርበት ወራት፣ በወረዳ ከተማ ውስጥ ከአንድ የሞተር ሳይክል ጥገና ቤት ደጃፍ ቆሜ በተመለከትሁ ቁጥር፣ ከሌላው ሕመም ሁሉ በዝቶ ያየሁት የፊት ሾክ ዘይት ማፍሰስን ነው። ከፊተኛው ጎማ ግራና ቀኝ ከቆሙት ሁለት እግሮች በአንደኛው ላይ፣ የሚያብረቀርቀው ቱቦ ወደ ታችኛው የአሉሚኒየም እግር በሚገባበት አፍ ዙሪያ፣ በመጀመሪያ ቀጭን የዘይት ቀለበት ይታያል፤ ቀለበቱ አቧራ እየጠጣ ይጠቁራል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ጠብታ ሆኖ እግሩን እያራሰ እስከ ጎማው እምብርት ይወርዳል። ባለቤቱ ይህን ባየ ጊዜ መካኒክ ይጠራል፤ መካኒኩም «ኦይል ሲሉ ሞቷል» ይላል፤ ዘይቱን የሚያግደው አሮጌው የጎማ ቀለበት ወጥቶ ይጣላል፣ አዲሱ ይገባል፣ ዋጋው ይከፈላል፣ ነገሩም ያለቀ ይመስላል። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ምስክር ሳይሰማ የተፈረደ መሆኑን ለመናገር ነው።

ይህን የምለው መካኒክ ሆኜ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም በእንስሳት ጤና ረዳትነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት፣ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ከኋላዬ አስሬ ከደጀን እስከ ብቸና፣ ከዚያም እስከ ቆላው ቀበሌዎች ድረስ የተመላለስሁት በአንዲት አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል ላይ ነበር፤ እኔ ጡረታ በወጣሁ ጊዜ እርስዋም ከአገልግሎት ተወግዳ በጨረታ ስትሸጥ፣ ለሌላ ሰው እጅ ሳስቼላት እኔው ገዛኋት። ከገዛኋት በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የግራ እግርዋ ደጋግሞ አፈሰሰ። ሦስት ጊዜ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኋት፤ ሦስቱንም ጊዜ የተለወጠው ጎማው ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያው አራት ወር፣ ሁለተኛው ሦስት ወር ቆየ፤ ሦስተኛው አርባ ቀን እንኳ አልሞላም። ሦስተኛው ባፈሰሰ በሳምንቱ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስወርድ፣ በአንድ ጠምዛዛ ላይ ፍሬን በያዝሁ ጊዜ የፊት እግርዋ እስከ መጨረሻው ተቀበረ፤ ብረት ከብረት ሲጋጭ በክንዴ ተሰማኝ፤ ሞላው መልሶ ሲወረውራትም መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ጥቂት ቀረው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወጣ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ገደሉ በየትኛው ወገን እንደ ነበረ እንድነግረው አይጠይቀኝም።

የፊት ሾክ ነገረ ሥራው ላስተዋለው ሰው የሚያስደንቅ ነው። አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በውስጡ የተቀመጠው ረጅም ሞላ የመንገዱን ምት ይቀበላል፤ ነገር ግን ሞላ ብቻውን ቢሆን የተቀበለውን ምት ሁሉ መልሶ ስለሚወረውር፣ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች እንዲያልፍ እየተገደደ የሞላውን ቁጣ ያበርዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1934 የዴንማርኩ ኒምቡስ እንዲህ ያለውን የቱቦ እግር ለገበያ ባወጣው ሞተር ሳይክል ላይ አደረገ፤ በማግሥቱ ዓመት በ1935 ደግሞ የጀርመኑ ቢኤምደብሊው፣ አር 12 በተባለው ሞተሩ ላይ፣ ምቱ በዘይት የሚበርድበትን እግር ለገበያ አወጣ። ያ ዓመት ለአገራችን የወረራ ዓመት ነበርና በዚያን ጊዜ ይህን ያደመጠ ጆሮ በእኛ ዘንድ የሚኖር አይመስለኝም፤ ዛሬ ግን የጤናውን ባለሙያ፣ የግብርናውን ሠራተኛና የገበያውን ነጋዴ ተሸክመው በገጠር መንገድ የሚሮጡት ሞተር ሳይክሎች የሚበዙት የቆሙት በዚሁ ብልሃት ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል፣ ቱቦውና የታችኛው እግር በሚገናኙበት አፍ ላይ፣ ከልጅ መዳፍ የማይበልጥ አንድ የጎማ ቀለበት ተቀምጧል። ሥራው በቀድሞው ዘመን በቤተ መንግሥት ደጅ ከቆመ ዐጋፋሪ ሥራ ጋራ አንድ ነው፤ ቱቦው በአንድ ቀን ጉዞ አእላፍ ጊዜ ሲወጣና ሲወርድ ያሳልፈዋል፤ ዘይቱን ግን ወደ ውጭ፣ አቧራውንም ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ከንፈሩ ቱቦውን የሚነካው ከፈትል በማይሰፋ ክብ ነው፤ ከከንፈሩ ጀርባም እንደ ማተብ የዞረ ቀጭን የሽቦ ሞላ አለ፤ ይህም ከንፈሩን ከቱቦው ጋራ አጥብቆ ያኖረዋል። እንግዲህ የዚህ ዐጋፋሪ ታማኝነት የሚጸናው ከፊቱ የሚያልፈው ቱቦ እንደ መስተዋት የለሰለሰ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ቱቦው በሻከረ ጊዜ በእያንዳንዱ መውጣትና መውረድ የሚታረደው እርሱ ነው፤ የሚወነጀለውም እርሱ፣ የሚሻረውም እርሱ ነው፤ በምትኩ የሚሾመውም ወደዚያው መታረጃ ይገባል።

የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ንባብ ይዘው ምሥጢሩን እስኪያገኙት ድረስ «አንድም» እያሉ እንደሚያመላልሱት፣ መካኒክም ያችን የዘይት ጠብታ እንዲያመላልሳት እወዳለሁ። አንድም ጠብታዋ የመጣችው በእርጅና ነው፤ ጎማ በዘመን ብዛት ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ከንፈሩም መተጣጠፍ ይሳነዋል፤ በተለይም ወራት ሙሉ በፀሐይ ላይ ቆማ በኖረች ሞተር ሳይክል ላይ ይህ እውነት ነውና ጎማውን መለወጥ ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። አንድም ጎማው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከከንፈሩ ሥር የአሸዋ ቅንጣት ወይም የደረቀ ጭቃ ገብቶ ነው፤ የዋልካ ጭቃ በቱቦው ላይ ደርቆ የቀረ እንደ ሆነ ሞረድ ይሆናል፤ እንዲህ በሆነ ጊዜ የአቧራ መከላከያውን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ከአሮጌ የፎቶግራፍ ፊልም የተቈረጠ ለስላሳ ቁራጭ ከከንፈሩና ከቱቦው መካከል አስገብቶ ዙሪያውን ቢጠርጉት፣ እግሩ ሳይፈታ፣ ሳንቲም ሳይወጣ ፍሰቱ የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድም ዘይቱ ከልክ አልፎ ስለ ተሞላ ነው፤ በእግሩ ውስጥ ከዘይቱ በላይ የሚቀረው አየር እንደ ሁለተኛ ሞላ የሚያገለግል ነውና፣ ቦታው በዘይት ከተያዘበት ጎድጓድ በተመታ ቁጥር ይጨነቃል፤ ጭንቀቱም መውጫ የሚፈልገው በጎማው ከንፈር በኩል ነው። አንድም ሞተሯ ወድቃ ቱቦው ጎብጦ ነው፤ የጎበጠ ቱቦ አንዱን ወገን ይጫናል፣ ሌላውን ይሸሻል።

አንድም የገባው ጎማ የዚያ ስፍራ ጎማ አይደለም። በዚህኛው ላይ ጥቂት ልቆይ እወዳለሁ፤ የተማሩ መካኒኮች እንኳ ሲሳሳቱበት አይቻለሁና። በጎማው ፊት ላይ ሦስት ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ ለምሳሌ 33፣ 46፣ 11 ተብሎ ቢገኝ፣ 33 ሚሊሜትር የውስጥ ስፋቱ፣ 46 የውጭ ስፋቱ፣ 11 ቁመቱ ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራም ይሁን በሌላ የመለዋወጫ ገበያ እነዚህን ቁጥሮች የያዘ ጎማ ይገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን በአንድ ስፍራ ቆሞ ለሚሽከረከር የሞተር ዘንግ የተሠራ ጎማና ለሚወጣና ለሚወርድ ቱቦ የተሠራ ጎማ በልክ ቢተካከሉም በጠባይ አይተካከሉም። የሾኩ ጎማ በመውጣትም በመውረድም ቱቦውን እንዲጠርግ ከንፈሩ የተበጀው ለዚሁ ምልልስ ነው፤ የዘንጉ ጎማ ግን መሽከርከርን እንጂ ምልልስን አልለመደምና በኮረት መንገድ ላይ ብዙ ሳይቆይ ሊያፈስ ይችላል። ቁጥሩ ስለ ተስማማ ብቻ ጎማ መግዛት፣ ስማቸው አንድ ስለ ሆነ አንዱን ለሌላው እንደ መዳር ነው።

የእኔይቱ ሞተር ግን ሕመምዋ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። ከዓባይ በረሃ በሕይወት ከወጣሁ በኋላ በደብረ ማርቆስ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ወደሚሠራ አንድ ወጣት አንድ ወዳጄ መራኝ። እኔ እንደ ልማዴ «ልጄ፣ ጎማውን ለውጥልኝ» አልሁት። ወጣቱም ቱቦውን ጎንበስ ብሎ ተመለከተና «ጋሼ፣ ጎማው ይቆይ፤ በፊት ቱቦውን እንየው» አለኝ። በሦስት ጥገና ያልሰማሁትን ቃል የሰማሁት በዚያን ሰዓት ነው።

ሥራውን ሲጀምር ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር ከእጁ ይልቅ ኅሊናው የሚቀድም መሆኑን ነው። ከሞተሩ ሥር ግንድ አስገብቶ የፊቱን ጎማ ከመሬት አነሣ። እግሩ ገና ከቦታው ሳይወጣ፣ ሞላውም በውስጡ ታምቆ ሳለ፣ ከታች በኩል ያለውን ብሎን አላላው፤ ሞላው ከወጣ በኋላ ቢሆን ኖሮ በውስጥ ያለው ዘንግ ከብሎኑ ጋራ አብሮ እየዞረ እንደሚያስቸግር ነገረኝ። የላይኛውን ክዳን ሲከፍት ደግሞ ፊቱን ዘወር አድርጎ በመዳፉ ተጭኖ በቀስታ ነበር፤ የታመቀ ሞላ ክዳኑን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ሊወረውረው ይችላልና። ከዚያም ዘይቱን በቆርቆሮ ላይ ቀዳው፤ አተላ መስሎ ጠቁሮ ወጣ፤ ከቀኙ እግር የወጣው ግን ከግራው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ባለፉት ጥገናዎች ግራውን ሲከፍቱ ቀኙን ማንም አልነካውም ነበር፤ ይህም ሌላው ጥፋት ነው፤ ሁለቱ እግሮች በአንድ ዘይትና በአንድ ልክ ካልተሞሉ ሞተሯ እንደ አንካሳ ትራመዳለች፤ ጎማዎቹም የሚለወጡት በጥንድ ነው።

ቱቦውን ካወጣው በኋላ በመስኮት መስተዋት ላይ አንከባለለው፤ ከሥሩ የሚታይ ብርሃን አልነበረም፤ አልጎበጠም ማለት ነው። ቀጥሎ በጥፍሩ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። በመጨረሻም ያላሰብሁትን አደረገ፤ ትንሽ ባዘቶ ጥጥ አምጥቶ በቱቦው ላይ እያዞረ ጎተተው፤ ባዘቶውም ጎማው በሚመላለስበት ስፍራ ላይ፣ በፊት ለፊት በኩል፣ በሦስት ቦታ ተያዘ። አየኋቸው፤ ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጡ ሦስት ጉድጓዶች ነበሩ። የቱቦው ክሮም ጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ስስ ልብስ ነውና፣ ከፊት ከሚሄድ መኪና ጎማ የተፈናጠረ ጠጠር ይወጋዋል፤ በተወጋበት ውኃ ይገባል፤ ከክሮሙ ሥር ያለው ብረት ይዝጋል፤ ዝገቱም አብጦ ክሮሙን ይገለብጠውና ጠርዙን ስለት ያደርገዋል። እነዚያ ሦስት ስለቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ዐጋፋሪዎችን አርደዋል። ጉድጓዶቹ ከዚያ ከፍ ብለው፣ ጎማው በማይደርስበት ስፍራ ቢሆኑ ኖሮ ጉዳት ባላመጡም ነበር።

ወጣቱ ሦስት መንገድ እንዳለ ነገረኝ፤ አዲስ ቱቦ መግዛት፣ ወይም አሮጌውን ልጦ እንደ ገና ጠንካራ ክሮም አልብሶ ማስሞረድ፣ ወይም ጉድጓዶቹን መድፈን። የመጀመሪያው ለእንዲህ ያለች አሮጊት በቀላሉ የሚገኝ አልሆነም፤ ሁለተኛው በአካባቢያችን የሚሠራው አልነበረም፤ ሦስተኛው ፍጹም ፈውስ ሳይሆን ዕድሜ ማራዘሚያ መሆኑን ሳይደብቅ ነገረኝና እርሱን መረጥን። ዝገቱን በመርፌ ጫፍ ፈልፍሎ አጸዳው፤ የስለቱን ጠርዝ ዘይት በነካው እጅግ በደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቱቦውን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን በዙሪያው እያሻሸ አለዘበው፤ በቁመቱ የተፈተገ ጭረት ለዘይቱ ቦይ ይሆነዋልና። ሁለት ዓይነቱ ተቀላቅሎ የሚጠነክረውን ማጣበቂያ በጉድጓዶቹ ውስጥ ሞላው፤ አሳድሮም በማግሥቱ ከክሮሙ ጋራ እኩል እስኪሆን ድረስ ለሰለሰው። ባዘቶው ዳግመኛ ተጎተተ፤ አልተያዘም።

አዲሶቹን ጎማዎች ሲያስገባ የቱቦውን ጫፍ በስስ ፌስታል ጠቀለለው፤ የጫፉ ጠርዝ ገና ሥራ ያልጀመረውን ከንፈር እንዳይቈርጠው ነው። ከንፈሩን በዘይት አራሰው፤ የሽቦው ሞላ ያለበትን ወገን ወደ ታች፣ ወደ ዘይቱ አደረገ፤ አሮጌውን ጎማ በአዲሱ ላይ ደርቦ፣ ልክ በሆነ የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ዙሪያውን እኩል እየመታ ከመቀመጫው አደረሰው። ዘይቱንም በሁለቱም እግር በልክ ሞልቶ፣ አየሩ እስኪወጣ ድረስ ቱቦውን ደጋግሞ ከፍ ዝቅ አድርጎ፣ የዘይቱን ከፍታ በማስመሪያ ለካ። የሚሽከረከረው የፊት ጎማ በቦታው ከገባ በኋላም የእግሩን መያዣ ወዲያው አላጠበቀም፤ በመጀመሪያ ሞተሯን ከግንዱ አውርዶ የፊት ፍሬኑን ይዞ አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ታች ተጫናት፤ እግሮቹ በራሳቸው ትይዩነት ከተቀመጡ በኋላ አጠበቀ። ይህን ያላደረገ መካኒክ ሁለቱን እግሮች እርስ በርሳቸው እንደ ተጣሉ አስሮ ይልካቸዋል።

ሁለት ቀን ፈጀ። የጠየቀኝም ከቀድሞዎቹ የአንዱን ጥገና ዋጋ እጥፍ ነበር፤ የሦስቱን ድምር ግን አላከለም።

እንግዲህ ለመሥሪያ ቤቶቻችን የምናገረው ቃል ከዚህ ላይ ይጀምራል። እኔ በሠራሁበት ዘመን የምንሞላው የጥገና መጠየቂያ ቅጽ የዕቃው ስም፣ ብዛቱና ዋጋው የሚጻፍበት ዐምድ ነበረው፤ ጉዳቱ ለምን እንደ ደረሰ የሚጻፍበት ግን አልነበረውም። ስለዚህ መካኒክ የሚከፈለው ስለ ለወጠው ዕቃ እንጂ ስለ መረመረው ምክንያት አይደለም፤ ግማሽ ቀን ቱቦ ሲዳስስ የዋለ ሰው በሒሳብ ሹሙ ዓይን ሥራ ፈት ነው። በዚህ ሥርዐት ውስጥ ምክንያቱን የሚፈልግ መካኒክ ቢጠፋ አያስገርመኝም፤ የሚያስገርመኝ በደብረ ማርቆስ አንዱን ማግኘቴ ነው። ያ ቅጽ ዛሬም እንዳለ ከሆነ አንዲት ዐምድ ይጨመርበት፤ የመርማሪውም ድካም ዋጋ ይተመንለት። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶችም ተማሪው ጎማ ማውጣትና ማስገባትን ብቻ ሳይሆን፣ የወጣውን ጎማ በእጁ ይዞ ከንፈሩ በየትኛው ወገን እንደ ተበላ አንብቦ ምክንያቱን እንዲናገር ቢፈተን እወዳለሁ።

በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ በጥላ ሥር ሳይሆን በየባሕር ዛፉ ሥር ተደርድረው፣ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁባቸው የሚወገዱበትን ቀን የሚጠብቁትን ሞተር ሳይክሎች ባየሁ ቁጥር ኀዘን ይሰማኛል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ወደዚያ የተገፉት እንዲህ ባለ ንዑስ ሕመም ነው፤ የቆመች ሞተር ቱቦዋ በአንድ ስፍራ ይዝጋል፣ የጎማዋ ከንፈር በደረቀበት ይጣበቃል፤ ስለዚህ ንዑሱ ሕመም በዝምታ ዓቢይ ይሆናል። ቱቦውን ከጠጠርና ከጭቃ የሚጋርደው እንደ ወናፍ የሚታጠፍ የጎማ ልብስ ብዙ ዋጋ የማያወጣ ዕቃ ነው፤ ለገጠር የተሠሩ ብዙ ሞተር ሳይክሎች ከፋብሪካ ይዘውት ይመጣሉ፤ ሲቀደድ ግን አውልቀን እንጥለዋለን እንጂ አንተካውም። መለዋወጫ አስመጪዎች ሞተሩንና መብራቱን እንደሚያስቡ ይህንንም ቢያስቡት፣ የብዙ ቱቦዎች ዕድሜ በረዘመ ነበር።

«ጎማው ርካሽ ነው፣ ባፈሰሰ ቁጥር ቢለወጥ ምን አለበት?» የሚለኝ ሰው አላጣሁም። ጎማው ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የፊት ፍሬናቸው በዲስክ በሆነ ሞተሮች ላይ ከእግሩ የሚወርደው ዘይት የሚያርፈው በዲስኩና በፍሬን ሸራው ላይ ነው፤ ሞተር ሳይክልን ከሚያቆመው ኀይል የሚበዛው ደግሞ የፊተኛው ፍሬን ነው፤ ዘይት የጠጣ ሸራም ታጥቦ አይመለስም፣ ይጣላል። ጠብታዋ ከታየችበት ቀን ጀምሮ እስከሚቀጥለው ጥገና ድረስ በዚያ ፍሬን ቁልቁለት የሚወርደው የሰው ልጅ ነው፤ ከኋላው የተፈናጠጠችው እናትም በዋጋው ውስጥ አልተቈጠረችም።

ሞተሬ ከደብረ ማርቆስ ከወጣች በኋላ የጎማ ልብስ አድርጌላታለሁ፤ ማታ ማታም የቱቦዋን አፍ በረጠበ ጨርቅ አርጥቤ እጠርጋለሁ፤ ደረቁን ጭቃ በቢላዋ አልፍቅም። ባለፈው ጥቅምት፣ ጥገናው ዓመት ከመንፈቅ በሞላው ጊዜ፣ እንደ ገና ወደ ዓባይ ወረድሁ። እዚያ ጠምዛዛ ላይ ስደርስ ፍሬን ያዝሁ፤ እግርዋ በእርጋታ ዝቅ አለ፣ በእርጋታም ተመለሰ። ከድልድዩ አጠገብ አቆምኋትና የጎማውን ልብስ ገልጬ፣ ከኪሴ ነጭ መሐረብ አውጥቼ የግራውን ቱቦ ዙሪያውን ጠረግሁት። በመሐረቡ ላይ የወጣው አቧራ ብቻ ነበር።